ጡጫ የቀመሰ ድንች

ኅዳር ሲጋመስ፣ በሰሜን ፖርቱጋል፣ ከተራሮቹ ማዶ፣
ጉም ከሸለቆው ሲነሣ፣ የድንጋይ ጣሪያውን ጋርዶ፣
የወይራ መጭመቂያው ቤት ሌሊቱን ሙሉ አላንቀላፋም፤
አዲሱ ዘይት አረንጓዴ ነው፤ ጉሮሮ ይቧጥጣል እንጂ አያስከፋም።

ዙልሚራ ድስቷን ጥዳለች።
ድንቾቹ ትንንሾች ናቸው፣ እንቁላል የሚያህሉ፣
ከነልጣጫቸው፣ ከነአፈር ጠረናቸው፣
በጨው ውኃ ውስጥ እየተጋፉ የሚፈሉ።
በሹካ ወጋ አድርጋ ታያለች፦ «ገና ናቸው።»

የበዓሉ ባለቤት ዓሣው ነው፤
ባካልያው፣ ሁለት ቀን ተዘፍዝፎ ጨዉ የለቀቀለት፣
መካከለኛው ሳህን፣ የመጀመሪያው ምስጋና የተያዘለት።
ድንቹ ማባያ ነው። ጎን ላይ ይቀመጣል።
ስሙን የሚያነሣለት የለም፤
ከሁሉ ቀድሞ የሚያልቀው ግን እሱ ነው።

ሠላሳ ዓመት ድንቹን የመታው ቤልሚሮ ነበር፣
የዙልሚራ ታናሽ ወንድም፣ ድንጋይ ጠራቢው።
በጨርቅ ይሸፍነዋል፤ ጡጫውን ያሳርፋል፣ አንድ ጊዜ፤
ቆዳው ይተረተራል፣ እንፋሎቱ ይተነፍሳል፣
ከዚያ ወደ ቀጣዩ።
ቤት የመምታት ሥራ ነው፣ ልክ እንደ ግጥም፤
ከበረታ ይፈርሳል፣ ከፈራ አይገጥም።

በሐምሌ ግን፣ መሰላል ላይ ሳለ፣
ጭንቅላቱ ውስጥ አንድ ነገር ፈሰሰ።
ቀኝ እጁ እንደተኛ ቀረ፤ ምላሱም ከበደ።
አሁን ከምድጃው ዳር ወንበር ተሰጥቶት
ጎን ላይ ተቀምጧል፣
እሱም እንደ ማባያ።

«እኔ ልምታ!» አለ ዱዋርቴ፣ የዙልሚራ የልጅ ልጅ፣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ፣
ትናንት ከንፈሩ አብጦ የገባ ከትምህርት ቤቱ።
የመታውን ልጅ ስም ለማንም አልተናገረም።
ለድንቹ ግን ነገረው።
ጯ!
ፍርፋሪው ግድግዳው ላይ፣ የዙልሚራ መነጽር ላይ፣
የድመቷ ጀርባ ላይ ሳይቀር።
ሁለተኛውም እንዲሁ።
ሦስተኛው ገንፎ ሆነ።

ከወንበሩ ድምፅ መጣ፤
ድንጋይ እንደ ጫነ ጋሪ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየጎተተ፦
«አት... ጣላው። አንኳኳ።
ውስጥ... ሰው አለ ብለህ።»

ልጁ ጡጫውን ገልበጥ አድርጎ አየው።
ጨርቁን አስተካከለ።
አንኳኳ።
ድንቹ ከፈተለት።

ከዚያ ወዲያማ የዘይቱ ተራ ነው፤
ከነልጣጩ የተጨፈለቀ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ ዘለላ የጥብስ ቅጠል፣
በየስንጥቁ እየገባ ይንጫጫል።
እሳቱም ጠርዝ ይወዳል፤
ልሙጡማ ዘይቱን አንሸራቶ ይሸኛል፣
የተሸራረፈው ነው የሚይዝ፣ የሚቀላ፣
ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ።
በላዩ ተፈርፍሮ የተጠበሰ ቋሊማ፣ ጥቁር የወይራ ፍሬ፣
ሸካራ ጨው፣ በሦስት ጣት፣ ከፍ ካለ ቦታ።

አንዲት ድንች ሳትመታ ቀርታ ነበር።
ማን እንደተዋት አልታወቀም።

ቤልሚሮ ተነሣ።
ቀኝ እጁን በግራው አነሣው፣
ከጎረቤት እንደተዋሰው መዶሻ፣
ከጨርቁ በላይ አድርሶ
ለቀቀው።
ጉልበት አልነበረበትም። ክብደት ብቻ።
በቃት።
ባንድ ጎኗ ተሰነጠቀች፣
ሳቅ ያመለጣት ሴት አፍ መስላ።

ማዕድ ላይ ዓሣው ተመሰገነ፣ እንደ ወጉ።
ያቺን ድንች ዱዋርቴ ቀድሞ አነሣት፣
በእጁ ለሁለት ገመሳት፣ ጣቶቹን እፍ እያለ፣
ግማሿን ከጎኑ ወዳለው ሳህን አሻገረ።
ዙልሚራ አየች።
መነጽሯን አወለቀች፣ ጠረገች፣ እንደገና ጠረገች።
«ጨው አንሷታል» አለች፣
ሳትቀምስ።